ክረምቱን አስተምራችሁ ስትመለሱ፦ ከመሳፈራችሁ በፊትና በኋላ ምን ታደርጋላችሁ?

ይህን የምጽፈው ሰኔ ላይ ከዋሽንግተን፣ ከሚኒያፖሊስ፣ ከለንደን ወይም ከቴል አቪቭ ተነስታችሁ፣ ሻንጣ ሙሉ እርሳስና ደብተር ይዛችሁ፣ ሐምሌንና ነሐሴን ኢትዮጵያ ውስጥ በበጎ ፈቃድ ስታስተምሩ ለከረማችሁ ነው። ሀዋሳ ሁኑ፣ ደብረ ብርሃን ሁኑ፣ ጅማ ሁኑ፣ ነገሩ ብዙም አይለያይም። የመመለሻ ቀናችሁ ደርሷል። ልጆቹ "ቲቸር፣ መቼ ነው የምትሄጂው?" ማለት ጀምረዋል። የእናንተም ሆድ ቡቡ ሆኗል።

"ጉዞው እንዴት ነበር?" ስትባሉ አፋችሁ ላይ ቶሎ የሚመጣው "ሕይወቴን ነው የቀየረው" የሚለው ነው። እውነት ሊሆን ይችላል፣ መባሉም ክፋት የለውም። ግን እናንተ ስትሄዱ እዚያው የሚቀሩ ልጆች አሉ። የሚቀር መምህር አለ። ስለዚህ ስለ ጉዟችሁ ስታስቡ ከራሳችሁ አትጀምሩ። ከክፍሉ ጀምሩ። እኔ ስሄድ ምን ይቀጥላል? ምንስ አብሮኝ ይሄዳል? ራሴም ተሸኝቻለሁ፣ ሌሎች በጎ ፈቃደኞችንም ሸኝቻለሁ፣ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ እስካሁን አላገኘሁም።

እዚያው እያላችሁ ጀምሩ

ብዙ ሰው ቤቱ ገብቶ፣ ሻንጣውን ፈትቶ፣ እንቅልፉ ሲስተካከል ረጋ ብሎ ሊያስብ ያቅዳል። ያኔ ግን የሚጠየቅ ሰው አጠገቡ የለም። የሚቀረው የራሱ ትዝታ ብቻ ነው፣ ትዝታ ደግሞ ደስ የሚለውን መርጦ ይይዛል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሲቀራችሁ ጀምሩ።

መጀመሪያ ልጆቹን በመስከረም ከሚረከበው መምህር ጋር ተቀመጡ። ዳይሬክተሩ ቢሮ ውስጥ ግን አይሁን። እዚያ "በጣም ጥሩ ነበር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን" ከሚለው ሌላ ምንም አትሰሙም። እንግዳ ናችሁ፣ ከሩቅ መጥታችኋል፣ በነፃ አስተምራችኋል። ማን ፊት ለፊት "ይሄኛው አልሠራም" ይላችኋል? ይሉኝታ አለ። ትምህርት ቤቱ አጠገብ ካለችው ጀበና ቡና ሂዱና ቁጭ በሉ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ጨዋታው ይከፈታል።

"እንዴት ነበርኩ?" ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ የታወቀ ነው። ይልቅ "መስከረም ላይ ስልሳ ልጅ ይዘህ ስትገባ፣ ካደረግነው ውስጥ የቱን ልታደርገው ትችላለህ? የቱስ አይሆንም?" በሉት። መምህሩ በዕድሜ ከፍ ያለ ከሆነ "እርስዎ" ማለታችሁን አትርሱ፣ እዚህ ላይ የሚቀያየመው ብዙ ነው። መልሱን ጻፉት፣ በተለይ "አይሆንም" የሚለውን። ክረምት ላይ ሃያ ልጅ ክብ ሠርቶ እየተጫወተ መማሩ ሌላ ነው። ሦስት ሦስት ሆነው በሚቀመጡበት ዴስክ፣ በአርባ ደቂቃ ፔሬድ፣ ፈረቃ የሚጠብቁ ልጆች በር ላይ ቆመው ማስተማር ሌላ ነው። መምህሩ ይህን ሲያስረዳችሁ ዘዴያችሁን እያጣጣለው አይደለም። ዕድሜ ልኩን የሚሠራበትን ክፍል እያሳያችሁ ነው።

ልጆቹንም ጠይቁ። በወረቀት፣ ስም ሳይጻፍበት፣ ደግሞም በእንግሊዝኛ ሳይሆን በሚቀናቸው ቋንቋ፣ አማርኛም ሆነ ሲዳምኛ ወይም ኦሮምኛ። ሁለት ጥያቄ ይበቃል። አሁን የምትችሉት፣ በሰኔ ግን የማትችሉት ነገር ምንድን ነው? ያልገባችሁ፣ ግን ለመጠየቅ ያፈራችሁት ምንድን ነው? ሁለተኛውን ጥያቄ በተመለከተ ወረቀቶቹን ለመምህሩ ስጡት፣ መስከረም ላይ ከየት እንደሚጀምር ከዚህ የተሻለ የሚነግረው የለም።

ንባብ ካስተማራችሁ ደግሞ አንድ ነገር ሳታረጋግጡ አትሂዱ። እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ጠርታችሁ ሁለት ሁለት ደቂቃ ከገዛ ደብተሩ አስነብቡት። አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ አስታውሳለሁ። ደብተሯ በአሮጌ ካላንደር ወረቀት ተለብዷል። ርዕሱ በቀይ ቢክ፣ የቀረው በሰማያዊ፣ ኅዳጉ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ጽሕፈቷ የሚያስቀና። ሰሌዳ ላይ የተጻፈው አንድም ሳይቀር አለ። "እስቲ ይቺን አንብቢልኝ" ስትባል ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አድርጋ ዝም አለች። ቆይታ ጣቷን ወደ ሁለተኛው ቃል ወሰደች። አሁንም ዝም። የፊደሎቹን ስም አንድ በአንድ ታውቃለች፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አይነበቡላትም። በኅብረት ሲነበብ ከሁሉም በላይ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ነበር። ሁሉም አንድ ላይ በሚጮህበት ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ መሰወሩ ቀላል ነው። ለመምህርቷ ሲነገራት ምንም አልደነቃትም፣ ወዲያው ተመሳሳይ ችግር ያለባቸውን ሌሎች አራት ልጆች በስማቸው ጠራች። መስከረም ላይ ከፊት የሚቀመጡት እነማን እንደሆኑ እዚያው ተወሰነ። የክረምቱ ትልቁ ውጤት ይህች አጭር የስም ዝርዝር ሆና ልትገኝ ትችላለች።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ አስፍሩት። የት ደረሳችሁ፣ ማንን ምን ይቸግረዋል፣ ያመጣችሁት ዕቃ የት ነው፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው። ዕቃውን በተመለከተ አንድ የማታውቁት ነገር ሊኖር ይችላል። ለመንግሥት ትምህርት ቤት የሰጣችሁት መጽሐፍ ሞዴል 19 በሚባለው የዕቃ መቀበያ ቅጽ ገቢ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በሞዴል 22፣ በዕቃ ማውጫው ቅጽ፣ ፈርሞ የሚያወጣው ሰው ካልተገኘ ስቶር ውስጥ፣ ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል። ንብረት ክፍሉ ክፉ ሆኖ አይደለም። የፈረመበት ዕቃ ቢጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን አስረክቦ ፎቶ ተነስቶ መሄድ አይበቃም። መምህሩ ፈርሞ ወደ ክፍሉ ሲያስገባው እዚያው ቁሙ።

ስንብቱ

ልጆቹ የምትሄዱበትን ቀን ቀደም ብለው ይወቁ። በዋዜማው አይነገራቸው፣ ሳይነገራቸው ጭራሽ አትጥፉ። ስታለቅሱ እንዳያዩዋችሁ ብላችሁ በጠዋት ሹልክ ማለት ለእናንተ ቀላል ነው። ሰኞ መጥተው ወንበራችሁን ባዶ ለሚያገኙት ግን አይቀልም። ያስተማራችሁት የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ከሆነ ይህ የበለጠ ይከብዳል። እነዚያ ልጆች መጥቶ፣ አቅፎ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚሄድ ሰው ብዙ አይተዋል። ቀኑን ከአሳዳጊዎቹ ጋር ሆናችሁ ንገሯቸው፣ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ማን አብሯቸው እንደሚሆንም ጨምራችሁ።

የስንብት ዝግጅት ካላችሁ ቀን መቁጠሪያውን እዩ። ከነሐሴ 1 እስከ 16 ፍልሰታ ነው፣ ፍልሰታን ደግሞ ትንንሾቹም ይጾሙታል። ትልቅ የክሬም ኬክ አስቆርጣችሁ ብትገቡ ግማሹ ክፍል እጁን አጣጥፎ ያያችኋል። ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ አምባሻ፣ ሙዝ ለሁሉም ይሆናል። ወደ ቡሄ ከተጠጋ ደግሞ ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው ሆያ ሆዬ ሊጨፍሩላችሁ ይችላሉ፣ ስማችሁን አስገብተው እያወደሱ። ሙልሙሉን ወይም ሳንቲሙን አዘጋጁና ተቀበሏቸው። ከየትኛውም ንግግር የተሻለ ስንብት ነው።

"እመለሳለሁ" አትበሉ። ትኬት ካልቆረጣችሁ በስተቀር አትበሉ። ልጅ ቀጠሮ ይዞ ይጠብቃል። የምትችሉትን ብቻ ተናገሩ፦ "መስከረም ላይ ለቲቸር ደብዳቤ እልካለሁ፣ እሷ ታነብላችኋለች።" ከዚያ ላኩት።

ገንዘብና ስጦታ መምጣቱ አይቀርም። አንዷ እናት መጥታ "ይቺን ልጅ እንደ እህትህ እያት፣ ከቻልክም ውሰድልኝ" ልትልህ ትችላለች። ይህን ሰምቶ እንባ የማይመጣበት ሰው የለም። እዚያው ቆማችሁ ግን ምንም ቃል አትግቡ። "ከትምህርት ቤቱ ጋር ልመካከርበት" በሉና በእርግጥም ተመካከሩ፣ ከዳይሬክተሩ ጋር፣ ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ጋር። ለአንድ ልጅ በድብቅ የተሰጠ ስልክ ወይም ጫማ እስከ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ መዘዙ ለልጁ ይተርፋል። መርዳት ከፈለጋችሁ ለሁሉም በሚደርስ መንገድ ይሁን፣ በአደባባይ።

ስለ ፎቶ ብዙ አልልም። ወላጅ ሳይፈቅድ አትለጥፉ። የልጁን ስምና የትምህርት ቤቱን ስም አንድ ላይ አትጻፉ። የእህታችሁ ልጅ በዚህ ሁኔታ ፌስቡክ ላይ ብትወጣ ደስ ይላችኋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ደስ የማይላችሁን አጥፉት።

አውሮፕላኑ ላይ ደብተር አውጡ

ከቦሌ ዋሽንግተን ሰፊ ጊዜ ነው። ፊልም ከመክፈታችሁ በፊት ጻፉ። ቤት ስትገቡ ዘመድ ይመጣል፣ ሥራ ይጀመራል፣ ነገሩ ይደበዝዛል።

ቀላል መንገድ አለ። ቴሪ ቦርተን የሚባል አሜሪካዊ መምህር በ1970 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ነው፣ ዛሬ ነርሶችም አስተማሪዎችም ይጠቀሙበታል። ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው። ምን ሆነ? ምን ማለት ነው? አሁንስ ምን ላድርግ? የመጀመሪያውን ሳትጨርሱ ወደ ሁለተኛው አትለፉ። ይህ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። "ልጆቹ ትንሽ ነገር ያስደስታቸዋል" ብላችሁ ከጻፋችሁ ምን እንደሆነ አልጻፋችሁም፣ ያሰባችሁትን ነው የጻፋችሁት። ይልቅ እንዲህ ጻፉ፦ "ማክሰኞ ዝናብ ስለነበር ዘጠኝ ልጅ ብቻ መጣ። የቆርቆሮው ጩኸት ድምፄን ስለዋጠው ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ በምልክት አስተማርኩ። የክፍል አለቃው ጠመኔውን ተቀብሎኝ ቀጠለ።" አሁን የሚታሰብበት ነገር አለ። ከዘጠኙ ውጭ ያሉት ለምን ቀሩ? ዝናቡ ነው ወይስ ጃንጥላ የሌለው ቤት? አለቃው ያን ዕለት ያደረገውን መስከረም ላይ ቢያደርገውስ?

እንደዚህ አምስት ስድስት ቀን ያህል ጻፉ። የከፋችሁበትንም ቀን ጨምሩ። ሰው የሰለቻችሁበትን፣ ውኃ ጠፍቶ የተናደዳችሁበትን፣ ስታስተምሩ ማንም ያልሰማችሁን ቀን። ማንም አያነበውም፣ ለራሳችሁ ነው።

ቤት ከገባችሁ በኋላ

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግራ ያጋባሉ። ሱፐርማርኬት ገብታችሁ አንድ መደርደሪያ ሙሉ የውሻ ምግብ ስታዩ ልባችሁ ይቆጣል። ጓደኛችሁ ስለ ስልኩ ሲያማርር አፍ አፉን ማለት ያምራችኋል። ይህ የታወቀ ነገር ነው። ጆንና ጂን ጉላሆርን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከውጭ አገር ቆይቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ሲሄድ እንዳጋጠመው ሁሉ ሲመለስም መንፈሱ ወርዶ ቀስ ብሎ እንደሚያንሰራራ አሳይተዋል። ጊዜ ስጡት። ቁጣችሁን ግን በሰው ላይ አታውጡ፣ ያ ጓደኛችሁ ምንም አላጠፋም።

ውጭ አገር ተወልዳችሁ ያደጋችሁ የሐበሻ ልጆች ላይ ሌላም ይጨመራል። ውጭ ኢትዮጵያዊ ትባላላችሁ፣ ኢትዮጵያ ስትሄዱ ዲያስፖራ፣ አንዳንዴም በአነጋገራችሁ ፈረንጅ። ልጆች አማርኛችሁን ሲሰሙ ስቀዋል፣ አርመዋችኋልም። ይህን ስሜት ብቻችሁን አትያዙት። ለወላጆቻችሁ ንገሯቸው። ምናልባት ስለ አገራቸው ከእናንተ ጋር እንደ እኩያ የሚያወሩበት የመጀመሪያው ቀን ይሆናል።

እግረ መንገዳችሁን አባታችሁን፣ አክስታችሁን፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የምታገኟቸውን ትልልቅ ሰዎች ጠይቁ። "እርስዎ አስተምረው ያውቃሉ?" በሏቸው። ከእነሱ ትውልድ ስንቱ አስተምሯል መሰላችሁ። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተልከዋል። ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ነበር፣ ኋላ ላይ በ15 ቋንቋዎች የተሰጠ። ከሁለቱም በፊት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ሄደው ያገለግሉ ነበር፣ አብዛኞቹም በማስተማር። ዘመቻው ለሁሉም በፈቃድ አልነበረም፣ በደስታ የማያስታውሱትም አሉ፣ ስለዚህ በጥንቃቄ ጠይቁ። ግን አንዴ ከጀመሩ ማን ያስቆማቸዋል! የሄዱበትን ሰፈር ስም፣ ያስጠጓቸውን ሰዎች፣ ፊደል የለዩላቸውን አዛውንት ሁሉ ይነግሯችኋል። የእናንተን ታሪክ ከእነሱ ታሪክ አጠገብ ስታስቀምጡት መጠኑ ይስተካከላል።

ምን ሠራሁ? ልመለስስ?

ይህ ጥያቄ ቆይቶ ይመጣል፣ ቆይቶ ቢመጣም ይሻላል። ሁለት ወር ምን ያህል እንደሆነ በሐቅ እዩት። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በሃሪስ ዎፎርድ መሪነት ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) በጎ ፈቃደኞች ወደ 280 የሚጠጉ ነበሩ። የሚቆዩት ሁለት ዓመት ነበር፣ በመደበኛ ፕሮግራም፣ መደበኛ ክፍል ይዘው። ዛሬም በዕድሜ የገፉ ኢትዮጵያውያን የእነዚያን አስተማሪዎች ስም ይጠራሉ። እናንተ የቆያችሁት አንድ ክረምት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሰምታችኋል። ይህን ተራራ የክረምት ቱቶሪያል አይንደውም። ይህን ማወቅ ተስፋ ሊያስቆርጣችሁ አይገባም። ጉልበታችሁን የት ብታደርጉት እንደሚሻል ግን ይነግራችኋል፦ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ካለው መምህር ጎን።

የትኬቱንም ዋጋ አስቡት። አንዳንዱ ሰው ቢሄድ ይሻላል፤ ቋንቋው አለው፣ ሙያው መምህርነት ነው፣ ትምህርት ቤቱም በስሙ ጠርቶ ይፈልገዋል። ሌላው ደግሞ የትኬቱን ገንዘብ ለቤተ ሙከራ ዕቃ ወይም ለመምህራን ሥልጠና ቢልከው ይበልጥ ይጠቅማል። የትኛው እንደሆናችሁ ብቻችሁን አትወስኑ። ትምህርት ቤቱን ጠይቁት፣ ለይሉኝታ የማይመች አድርጋችሁ፦ "በሚቀጥለው ክረምት እኔ ልምጣ ወይስ በዚያው ብር ይህን እናድርግ?" ምርጫው ሁለት ሲሆን መልስ መስጠት ይቀላል።

መጽሐፍ ልላክ የምትሉ፣ በኮንቴይነር አሮጌ የአሜሪካ መጽሐፍ ከመላካችሁ በፊት የክፍሉን መማሪያ መጽሐፍ ፎቶ አስልኩና ደረጃውን እዩ። ለሰባተኛ ክፍል ልጅ የሚሆነው ብዙ ጊዜ አሜሪካ ለትንንሽ ልጆች የሚታተመው ቀጭን ተረት ነው። ከመምህሩ ጋር መገናኘቱን በቴሌግራም አድርጉት፣ በድምፅ መልእክት፣ መረቡ ሲመለስ ያደምጠዋል። በየቀኑ አትጻፉ፣ ሥራ አለበት።

ትምህርት ሲጀመር ያንን ቃል የገባችሁትን ደብዳቤ ላኩ። አጭር ይሁን፣ ልጆቹ በሚገባቸው አማርኛ። ለመምህሯ ደግሞ ለብቻዋ ጻፉ። የልጆቹን ዝርዝር አያይዙና ከፊት የተቀመጡት ልጆች እንዴት እንደሆኑ ጠይቋት። መስቀል እስኪያልፍ መልስ ካልመጣ አትቀየሙ፣ ምዝገባና ሮስተር ላይ ናት። ጥቅምት ላይ ድጋሚ ጻፉላት።